በነፃ ማውረድ የሙዚቃና የጌም ገበያን ገደለው?

ሰዎች ዘፈን በነፃ የሚለዋወጡበት ናፕስተር በ1999 ብቅ ካለ ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ክርክሩ አላባራም። ሻጩ «ሙልጭ አድርገው ዘረፉኝ» ይላል፣ አውራጁ «ማንን ጎዳሁ?» ይላል። ሁለቱም ያጋንናሉ።

«አንድ ፋይል ወረደ ማለት አንድ ሽያጭ ቀረ ማለት ነው»

አይደለም። ኮምፒውተሩን በዘፈን ያጨቀ ተማሪ ክፈል ቢባል አብዛኛውን ዞር ብሎም አያየውም። ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? ሽያጭ ቀረ የሚባለው ሊገዛ አስቦ የነበረ ሰው ሲተወው ነው።

«ነፃ የለመደ ኪሱን አይዳብስም»

በ2009 የኔዘርላንድስ መንግሥት ያሠራው ጥናት ሌላ ነገር አሳየ። ሙዚቃ በነፃ ከሚያወርዱት 68 በመቶው ሙዚቃ ይገዛሉ፤ ያውም ከማያወርዱት እኩል። ኮንሰርትማ እነሱ ይበልጥ ይሄዳሉ። ጌም የሚያወርዱት ደግሞ ከሌላው ሰው የበለጠ ጌም ይገዛሉ።

ግን ቀስ እንበል። ሙዚቃ የሚወድ ሰው ያወርዳልም፣ ይገዛልም። ማውረዱ ነው ገዢ ያደረገው ማለት አይቻልም። ባያወርድ ኖሮ ይበልጥ ይገዛ ነበር ወይ? ቁጥሩ ይህን አይመልስም።

«እንግዲያው ጉዳት የለውም»

ይሄም አያስኬድም። የአሜሪካ የሙዚቃ ሽያጭ በ1999 ከ14 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ በ2014 ወደ ግማሽ ወረደ። ሁሉንም በአውራጆች ማሳበብ ግን ልክ አይደለም። ከ2003 ጀምሮ የአፕል የኦንላይን ሙዚቃ መደብር አይቱንስ አንድ ዘፈን በ99 የአሜሪካ ሳንቲም ሲሸጥ፣ ለአንድ ዘፈን ብሎ ሙሉ ሲዲ መግዛት ቀረ። በ2007 ሁለት ኢኮኖሚስቶች የማውረድ ጉዳት ከዜሮ አይለይም ብለው ነበር። አብዛኞቹ ሌሎች ጥናቶች ግን ጉዳት አግኝተዋል፤ እኔም ወደነሱ አደላለሁ።

«ጌሙም ፊልሙም ያው ነው»

የአውሮፓ ኮሚሽን ያሠራውና በ2017 ይፋ የሆነው ጥናት ለያይቷቸዋል። አሥር አዲስ ታዋቂ ፊልም በሕገ ወጥ መንገድ ሲታይ፣ ተከፍሎበት ሊታይ የነበረ አራት ያህል ይቀራል። በጌም ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ማውረዱ ግዢውን ከፍ የሚያደርግ ይመስላል። የስህተቱ ልክ ሰፊ ስለሆነ እንደ ማስረጃ አትማሉበት። ምክንያቱ ግን ይገባኛል። ፊልም አንዴ ካዩት አለቀ። ክራክ የተደረገ (መቆለፊያው የተሰበረ) ጌም ግን ብዙ ጊዜ ኦንላይን ከሰው ጋር አያጫውትም፣ አፕዴቱም ያስቸግራል። የጣመው ሰው ዋናውን ይገዛል።

«የሚያስቆመው ቅጣት ብቻ ነው»

እኛ ጋ ፍላሽ ይዞ ሄዶ «ጫንልኝ» የሚለው ሰው እኮ ይከፍል ነበር። ብሩ ዘፋኙ ጋ አይደርስም እንጂ። የሚከፍለው ስለሚቀለው ነው። ስቲም የሚባለውን የኦንላይን ጌም መደብር የሚያስተዳድረው የቫልቭ ኩባንያ ኃላፊ ጌብ ኒውዌልም በ2011 ችግሩ ከዋጋው ይልቅ አገልግሎቱ ነው አለ። ሕገ ወጡ ጌም ቤትህ ድረስ ወዲያው ሲመጣ፣ ሕጋዊው ወራት ዘግይቶ ይደርሳል። ቫልቮች «ሩሲያ ሁሉም ሰራቂ ነው፣ አትድከሙ» ተብለው ነበር። ገቡ፤ በ2011 ሩሲያ በአውሮፓ ትልቁ ገበያቸው ልትሆን ጫፍ ደርሳ ነበር።