ስለ በር መጥሪያ የሚወራውና እውነታው

ከደጀን እስከ ባሕር ዳር አዲስ የተሠራ ግቢ ካያችሁ ላሜራ በሩ ጎን መጥሪያ አይጠፋም። እንግዳው ግን አንዴ ይጫነዋል፤ መልስ ካጣ ድንጋይ አንስቶ በሩን ይቀጠቅጣል፣ «ቤቶች!» እያለ። ባለቤቱም «ይሄ የማይረባ ዕቃ!» ብሎ ያማርራል። ዕቃው የሚበላሽበት ጊዜ አለ። ብዙ ጊዜ ግን የተሳሳተው ስለ መጥሪያ የምናምነው ነገር ነው።

«ጠበቅ አድርጎ የተጫነ ጥሩ ይጮህለታል»

ጉልበት አይፈልግም። በሩ ላይ ያለችው ቁልፍ ማብሪያ ማጥፊያ ነች፣ ሌላ ሥራ የላትም። በገመድ የሚሠራውን ዲንግ ዶንግ እንውሰድ። ስትጫኑት መስመሩ ይገናኛል፣ ኤሌክትሪኩ በተጠቀለለ ሽቦ ውስጥ ያልፋል፣ ጥቅልሉ ማግኔት ይሆንና ትንሿን የብረት ዘንግ ሲስባት አንዱን ሰሌዳ ትመታለች። ዲንግ! ስትለቁት ሞላው ዘንጓን ይመልሳትና ሌላኛውን ሰሌዳ ትመታለች። ዶንግ! ጣቱን ሳያነሳ የቆመ ሰው ዶንጉን እየከለከለ ጥቅልሉን ያሞቃል እንጂ ድምፅ አይጨምርም። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ አሜሪካዊው ጆሴፍ ሄንሪ በ1831 እ.ኤ.አ. በረጅም ሽቦ ጫፍ ያለ ደወል በኤሌክትሮማግኔት አስጩኋል።

«የመጥሪያ ገመድ አይነዝርም»

ይሄኛው አደገኛ ነው። ትራንስፎርመር ካለው፣ 220 ቮልቱን ወደ 8 ወይም 12 ስለሚያወርደው፣ ቁልፏ ጋ የሚደርሰው ትንሽ ነው። ችግሩ ያለ ትራንስፎርመር በቀጥታ 220 ላይ የሚታሰሩ ደወሎችም መኖራቸው ነው። በነሱ ያ ሁሉ ቮልት ዝናብ እስከሚመታት ቁልፍ ድረስ ይሄዳል። የጎጃምን ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ግድግዳው ራሱ አይደርቅም፣ በሩም ብረት ነው።

የደወሉ አካል ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። 220 የሚል ከሆነ ቁልፏ ውኃ የማታስገባ መሆን አለባት፤ ስትሰነጠቅም ትቀየር እንጂ በፕላስተር አትለጠፍ። ብሬከሩን ሳታወርዱ ክዳኗን እንዳትነኩ። ትራንስፎርመር ቢኖርም ወደ እሱ የሚገባው ገመድ ያው 220 ነው።

«ገመድ አልባው ዋይፋይ ይፈልጋል»

አይፈልግም። ስልክ ላይ ምስል የሚያሳየው ባለካሜራው ነው ኢንተርኔት የሚፈልገው። ተራው መጥሪያ ትንሽ ሬዲዮ ነው። ቁልፏ ብዙ ጊዜ በ433 ሜጋኸርዝ ኮድ ትልካለች፣ የውስጡ ደወል ኮዱን ሲያውቀው ይዘፍናል። አለቀ።

«ካርቶኑ 300 ሜትር ይላል፣ ለኔ ግቢ ይተርፋል»

ያ ቁጥር ሜዳ ላይ ነው፤ በቁልፏና በደወሉ መካከል ምንም ሳይኖር። የኛ ግቢ ደግሞ ላሜራ በር አለው፣ የቆርቆሮ አጥር አለው፣ ቤቱ ብሎኬት ከሆነ ፌሮ የበዛበት ኮንክሪት አለው። ብረት የሬዲዮ ሞገድን ይመልሳል። ቁልፏን ላሜራው ላይ በቀጥታ መለጠፍ ከሁሉ የባሰ ነው፤ ብረቱ ከጀርባዋ ሆኖ አንቴናዋን ያደክማታል፣ ወደ ቤት የሚሄደውንም መንገድ ይዘጋል። እንጨት ምሰሶ ወይም የግንብ ቋሚ ካለ እዚያ ስቀሏት። ሌላ ቦታ ከጠፋ ከጀርባዋ ወፈር ያለ ጣውላ አድርጉ፣ ትንሽም ቢሆን ከብረቱ ትራቅ።

ደወሉንም ፍሪጅ ጀርባ አትሰኩት፣ ከፍ ያለና ወደ በሩ የቀረበ ሶኬት ይሻለዋል። ከሁሉ በፊት ግን፣ ግድግዳ ሳትበሱ፣ አንድ ሰው ውስጥ ይቀመጥና እናንተ ውጭ ወጥታችሁ በሩን ዝጉ፣ ቁልፏን ልትሰቅሉባት ያሰባችሁበት ቦታ ላይ በእጃችሁ ይዛችሁ ተጫኑ። ብዙ ሰው ይሄን የሚሞክረው ከበሳ በኋላ ነው፣ እሱም በሩን ክፍት አድርጎ።

«ሌሊት ማንም ሳይነካው ጮኸ፣ ይሄ ሌላ ነገር ነው»

ጠበል ከመርጨታችሁ በፊት ጎረቤት ጠይቁ። ከአንድ ሱቅ ተመሳሳይ መጥሪያ ገዝታችሁ ከሆነ ኮዳቸው ሊገጥም ይችላል፤ እንግዳው የመጣው እነሱ ቤት ነው። መመሪያው ላይ ባለው መንገድ ቁልፏንና ደወሉን እንደ አዲስ አስተዋውቋቸው። ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚጮህ ከሆነ ግን ውኃ ቁልፏ ውስጥ ገብቷል።

«ገመድ አልባ ስለሆነ መብራት ቢጠፋም ይሠራል»

ግማሽ እውነት ነው። ውጭ ያለችው ቁልፍ በባትሪ ድንጋይ ትሠራለች። ሶኬት ላይ የሚሰካው ደወል ግን መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ባለገመዱም ያው ነው። መብራት ቶሎ ቶሎ የሚሄድበት ሰፈር ከሆናችሁ ደወሉም በድንጋይ የሚሠራውን ግዙ። እኔ ብሆን እሱን ነው የምመርጠው። ድንጋዩ ግን ቶሎ ያልቃል፤ ቁልፏ ስትነካ ብቻ ስትሠራ ደወሉ ቀን ከሌት እያዳመጠ ነው የሚውለው። ከጣታችሁ ግፊት ኤሌክትሪክ የምታመነጭ፣ ድንጋይ የማትፈልግ ቁልፍም አለች። እሷም ብትሆን የውስጡን መብራት አትተካም።

ብዙዎቹ ቁልፎች ሲጫኑ ትንሽ መብራት ብልጭ ትላለች። ካላለች ድንጋዩን ቀይሩ። ብልጭ እያለች ውስጥ ዝም ካለ ሄዳችሁ ሶኬቱን እዩ፤ ደወሉን ነቅሎ ስልኩን ቻርጅ የሰካ ሰው አይጠፋም።