«የሚያበራየውን በሬ አፉን አትሰር»፦ ከአውድማ እስከ አሜሪካ ስታዲየም

ልጅ ሆኜ ለገና አያቴ ዘንድ ስሄድ የምወደው ቦታ አውድማው ነበር። መሬቱ በእበት ተለቅልቆ፣ ደርቆ፣ እንደ ምጣድ ለስልሶ ይቆያል። የገብሱ ነዶ ይበተንበታል። በሬዎቹ ጎን ለጎን ሆነው ይዞራሉ፤ እኔ አለንጋ ይዤ ከኋላ እከተላለሁ። አንድ ቀን ዳር ላይ ያለው በሬ አንገቱን ዝቅ አደረገና አንድ አፍ ሙሉ ከነገለባው ጎረሰ። ልመታው እጄን ሳነሳ አያቴ ያዙኝ። «ተወው ልጄ፣ ያረሰውም እኮ እሱ ነው» አሉኝ። በሬው እያላመጠ መዞሩን ቀጠለ። ከአፉ ጥግ አንድ ዘለላ ገብስ ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ አሁንም ይታየኛል።

«የሚያበራየውን በሬ አፉን አትሰር» የሚለውን አባባል በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ያ ዘለላ ነው። ሰሞኑን ደጋግሞ ወደ አእምሮዬ የመጣው ግን ከአውድማ በጣም በራቀ ጉዳይ ነው። አሜሪካ ውስጥ የኮሌጅ ፉትቦል የሚጫወቱ ተማሪዎች ገንዘብ ሊከፈላቸው ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር።

መጀመሪያ ቃሉን እንየው። ማበራየት ማለት የታጨደውን እህል አውድማ ላይ በትኖ፣ በከብት እግር እያስረገጡ ፍሬውን ከገለባው ማላቀቅ ነው። ሥራው ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ ፀሐዩም አቧራውም አይጣል ነው። በሬው የሚረግጠው ደግሞ ምግብ ነው። አፍንጫው ሥር ነው ያለው፤ ይሸተዋል። አፉን የሚያስር ሰው የራሱ ስሌት አለው። በሬው ሊጎርስ ሲል ይቆማል፣ ሥራ ይጓተታል፣ እህልም ይጎድላል።

አባባሉ ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጣ ነው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 25 ቁጥር 4 ላይ «እህልን በሚያበራይበት ጊዜ የበሬውን አፍ አትሰር» ይላል። አንዲት መስመር ናት። ከሷ በፊት የሚናገረው ስለ ግርፋት ልክ ነው፤ ከሷ በኋላ ደግሞ የሞተ ወንድምን ሚስት ስለማግባት። በሬው መሀል ላይ ድንገት ነው የሚገባው። አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ስትመለሱ ግን ዘመዱን ታገኙታላችሁ። የድሀ ሠራተኛን ደመወዝ በዚያው ቀን፣ ፀሐይ ሳትገባ ስጠው ይላል። ሁለቱም ስለ ጊዜ ይናገራሉ። ትእዛዙ «በሬህን አብላ» ብቻ አይደለም። «በሚያበራይበት ጊዜ» የምትለዋ ቃል ናት የአባባሉ አጥንት። ማታ ጋጣው ውስጥ ጭድ ይጠብቅሃል ማለት ቀን ላይ አፉን ለማሰር ምክንያት አይሆንም።

እኛ ዘንድ አባባሉ የሚነገረው ሰው ከራሱ ድካም ፍሬ ትንሽ ሲቀምስና ሌላው ሲከፋው ነው። ወጥ የምትሠራ ሴት ከድስቱ ብትጎርስ፣ ወተት የሚያልብ ልጅ አንድ ኩባያ ቢጠጣ፣ «ተዉት፣ የሚያበራይ በሬ አፉ አይታሰርም» ይባላል። አንዳንድ ሰዎች ይህን አባባል ከ«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ጋር ሲያምታቱት እሰማለሁ። ያናድደኛል። ያኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሰው ስለመብላት ነው። ይሄኛው በእግር የረገጡትን ስለመቅመስ ነው። በሬው የጎረቤት ጎተራ አልገባም።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሂድ። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የኮሌጅ ፉትቦል እኛ የምናውቀው እግር ኳስ አይደለም፤ እንቁላል የሚመስለውን ኳስ በእጅ ይዘው እየተጋጩ የሚጫወቱት ነው። ተጫዋቾቹ ተማሪዎች ናቸው። ተመልካቹ ግን የተማሪ ጨዋታ የሚያይ አይመስልም። አን አርበር ያለው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ከ107 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል። የአላባማው አሰልጣኝ ኒክ ሳባን ጡረታ ሊወጣ ሲል በዓመት ከ11 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይከፈለው ነበር። በብዙ ግዛቶች ከመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ከፍተኛው ተከፋይ አገረ ገዢው አይደለም፤ የኮሌጅ አሰልጣኝ ነው። ተጫዋቹስ? ለረጅም ዘመን የሚያገኘው የትምህርት ክፍያ፣ መኝታና ምግብ ብቻ ነበር። ከዚያ በላይ አንድ ዶላር ቢቀበል ይቀጣ ነበር።

ይህን ሕግ ያስከብር የነበረው ኤንሲኤኤ የሚባለው የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ነው። ማኅበሩ ተጫዋቾቹን የሚጠራበት ስም አለው፦ «ተማሪ ስፖርተኛ»። ስሙ ሲሰሙት ደስ ይላል። አመጣጡ ግን ያሳዝናል። በ1955 ሬይ ዴኒሰን የሚባል ተጫዋች ኮሎራዶ ውስጥ ለአንድ አነስተኛ ኮሌጅ ሲጫወት ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞተ። ሚስቱ እንደ ማንኛውም በሥራ ላይ እንደሞተ ሠራተኛ ቤተሰብ ካሳ ጠየቀች። በ1957 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኮሌጁ ፉትቦል የሚነግድ ድርጅት አይደለም፣ ካሳ አይገባም አለ። ማኅበሩን ከ1951 ጀምሮ 36 ዓመት የመራው ዋልተር ባየርስ «ተማሪ ስፖርተኛ» የሚለው ቃል የተፈጠረው ተጫዋቾች ሠራተኛ እንዳይባሉ ተፈርቶ መሆኑን በኋላ ራሱ ጽፏል። ሥርዓቱንም በእርጅናው አጥብቆ ተቃውሟል። አንዲት ቃል አፍ ማሰሪያ ስትሆን ይኸው።

«በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የሚለው የእኛ አባባል እዚህ ጋ ያስፈራኛል። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ስታዲየሙንና ጭብጨባውን ነው የሚያየው። ኬንት ዋልድሬፕ የቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ነበር። በ1974 ከአላባማ ጋር ሲጫወት አከርካሪው ተጎድቶ ሰውነቱ ሽባ ሆነ። የሠራተኛ ካሳ ይገባኛል ብሎ የተከራከረው ክርክር በ2000 ተቀባይነት አጣ። ሠራተኛ አይደለህም ተባለ።

ስለ ምግብ ደግሞ ላንሳ፤ አባባላችን ስለ አፍ ነውና። በድሮው የማኅበሩ ደንብ ዩኒቨርሲቲ ከመደበኛው ገበታ ውጭ ለስፖርተኞች መክሰስ ሲሰጥ ፍራፍሬ፣ ለውዝና ቤግል የሚባለውን ክብ ዳቦ መስጠት ይችላል። ዳቦው ላይ ግን ምንም መቀባት አይፈቀድም። አይብ ከተቀባበት መክሰስ መሆኑ ቀርቶ ምግብ ሆነ ማለት ነው፤ ምግብ ከሆነ ደግሞ ደንብ ተጣሰ። እስቲ አስቡት። ከልምምድ የመጣ፣ ላቡ ያልደረቀ፣ መቶ ምናምን ኪሎ የሚመዝን ልጅ ደረቅ ዳቦ ይዞ ቆሟል፤ አንድ የቢሮ ሰው ደግሞ ቢላዋው አይብ እንዳይነካ ይጠብቃል። በ2014 ሻባዝ ናፒየር የሚባል የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች፣ ቡድኑን ለሻምፒዮንነት ባበቃበት ሰሞን፣ አንዳንድ ሌሊት ተርቤ እተኛለሁ ብሎ ለጋዜጠኞች ተናገረ። አገር ጉድ አለ። በዚያው ወር ማኅበሩ የምግብ ገደቡን አነሳ። የበሬው አፍ ቃል በቃል ታስሮ ነበር፤ የተፈታውም በሬው ስለተናገረ ነው።

የማሊያውም ነገር አለ። ዩኒቨርሲቲዎች የኮከብ ተጫዋቾችን ቁጥር የያዘ ማሊያ ይሸጡ ነበር፤ ስማቸው ግን አይጻፍበትም። ስሙ ከሌለ ለቁጥር ማን ይከፍላል? በ2013 ጄይ ቢላስ የሚባል የስፖርት ተንታኝ የማኅበሩን የሽያጭ ገጽ ከፈተና መፈለጊያው ላይ «ማንዜል» ብሎ ጻፈ። ጆኒ ማንዜል ያኔ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ኮከብ ነበር። ወዲያው የዚያ ዩኒቨርሲቲ 2 ቁጥር ማሊያ መጣ። ስሙን አናውቀውም ያሉት ሰዎች ስሙን ሲጠሩት ዕቃውን ያቀርባሉ። ማኅበሩ አፍሮ ሽያጩን አቆመ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው ለዚህ ነው። ልዩነቱ የልጁ ላም መሬት ላይ መሆኗ ነው፤ ሌላ ሰው ያልባታል።

ሌላኛውን ወገንም በቅንነት ልስማው። ስኮላርሺፕ ቀላል ነገር አይደለም። በአሜሪካ ያለ ዕዳ ዲግሪ መያዝ ለብዙ ቤተሰብ ሕልም ነው፤ ልጆቻቸውን እዚያ ያስተማሩ ወገኖቻችን ያውቁታል። ደግሞም በብዙ ዩኒቨርሲቲ የውሃ ዋናውን፣ ሩጫውን፣ የትግል ስፖርቱን የሚደጉመው የፉትቦል ገንዘብ ነው። ሯጭ ለሚወድ እንደ እኛ ላለ ሕዝብ ይህ ስጋት ይገባናል። እኔም ይከብደኛል። ግን አንዱን በሬ አፉን አስሮ በእሱ እህል ሌላውን ማብላት ለታሰረው መልስ አይሆንም። ስኮላርሺፑም የጋጣው ጭድ ነው። ጭድ መልካም ነው፤ ጥያቄው ስለ አውድማው ነው።

ከሁሉ በላይ ይነገር የነበረው መከራከሪያ ግን የፍቅር ነው። ተጫዋቹ ለጨዋታው ፍቅር ይጫወታል፣ ገንዘብ ከገባ ንጽሕናው ይጠፋል ይላሉ። እዚህ ላይ አባባሉን ወደ አዲስ ኪዳን ያመጣውን ጳውሎስን አስታውሳለሁ። በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 9 የበሬውን ሕግ ይጠቅስና «እግዚአብሔርስ ስለ በሬዎች ይገደዋልን?» ብሎ ይጠይቃል። ነገሩ ስለሚሠራ ሰው መሆኑን ያስረዳል። ከዚያ ወዲያ ምን አለ? እኔ በዚህ መብት አልተጠቀምሁም አለ። በዚያው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ደግሞ ስፖርተኞች ይመጣሉ! በእሽቅድምድም ስፍራ ስለሚሮጡና የሚጠፋውን አክሊል ስለሚያገኙ ሰዎች ይናገራል። ቆሮንቶስ አጠገብ የታወቀ የግሪኮች ውድድር ስለነበረ አንባቢዎቹ ነገሩን ያውቁታል። በሬውና ሯጩ በአንድ ምዕራፍ ተገናኙ ማለት ነው።

ይህን ምዕራፍ ባነበብኩ ቁጥር የሚገባኝ አንድ ነገር ነው። ጳውሎስ መብቱን የተወው ራሱ ነው። መብት እንዳለው ካስረዳ በኋላ፣ በፈቃዱ፣ በራሱ አፍ። በሬው ግን አፉን ራሱ አያስርም። ለፍቅር መጫወት የሚፈልግ ልጅ ገንዘቡ ፊቱ ቀርቦለት «አልፈልግም» ማለት ይችላል። ሚሊዮን የሚቀበል ሰው በልጁ ስም «እሱ አይፈልግም» ሲል ግን ያ ፍቅር አይባልም።

ከ2019 ወዲህ ማሰሪያው ላላ። ካሊፎርኒያ ተጫዋቾች ከስማቸውና ከምስላቸው ገቢ እንዲያገኙ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። ሰኔ 2021 ላይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከትምህርት ጋር በተያያዙ ጥቅሞች ላይ የተጣለውን ገደብ 9 ለ 0 ሻረ። ዳኛ ካቫና ለብቻቸው በጻፉት ሐሳብ ሌላ የትኛውም የንግድ ዘርፍ ለሠራተኞቻችን ተገቢውን ዋጋ አንከፍልም ብሎ ተስማምቶ አይኖርም አሉ። ከሐምሌ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ተጫዋቾች ማስታወቂያ መሥራት ጀመሩ። በሰኔ 2025 ደግሞ ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ስፖርተኞች በማኅበሩ ላይ የመሠረቱትን ክስ የሚቋጭ አንድ ትልቅ የስምምነት ውል አጸደቁ። ለቀድሞ ስፖርተኞች በ10 ዓመት የሚከፈል ወደ 2.8 ቢሊዮን ዶላር አለበት። ዩኒቨርሲቲዎችም በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ ማካፈል ይችላሉ። ሴት ስፖርተኞች ያለፈው ዘመን ክፍያ አብዛኛው ለወንዶች ፉትቦልና ቅርጫት ኳስ ይሄዳል ብለው ይግባኝ ጠይቀዋል። ትክክል ናቸው እላለሁ፤ አውድማው ላይ የሚዞረው አንድ በሬ ብቻ አይደለም።

አንድ ጉዳይ ግን የእኛን ሰው በቀጥታ ይነካል። ከአገር ቤት በስፖርት ስኮላርሺፕ የሚሄድ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ኤፍ-1 የተባለውን የተማሪ ቪዛ ነው። ይህ ቪዛ ሥራን በጥብቅ ይገድባል። አጠገቡ የሚሮጠው አሜሪካዊ ጓደኛው የጫማ ማስታወቂያ ሲፈርም እሱ ተመሳሳይ ውል ቢፈርም ቪዛውን ሊያጣ ይችላል። ልጃችሁ እንዲህ ያለ ዕድል ካገኘ ደስታው ይገባችኋል፤ እንኳን ደስ አላችሁ። ግን ማንም ደላላ ወይም ወኪል «ፈርም፣ ችግር የለውም» ቢለው እሺ እንዳይል አስጠንቅቁት። መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ይጠይቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል።