«አርጅቶ ነው» ከማለት በፊት፦ ስለ አዛውንት ውሾችና ድመቶች ጤና የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ለዓመታት በር የጠበቀ ውሻ ከተኛበት ለመነሳት ሲቸገር፣ ወይም ከአልጋ አልጋ ትዘል የነበረች ድመት ወለል ላይ መዋል ስትጀምር፣ በብዙ ቤት የሚሰጠው ምክንያት «አርጅቶ ነው» የሚል ነው። እርጅና ግን በራሱ በሽታ አይደለም፤ በእርጅና ስም ከሚታለፉት ምልክቶች ብዙዎቹ ሊታከሙ ወይም ቢያንስ ሊቃለሉ የሚችሉ ሕመሞች ናቸው።

«የውሻ አንድ ዓመት የሰው ሰባት ዓመት ነው።»
ስሌቱ ለማስታወስ ቢቀልም ትክክል አይደለም። ውሻ የሁለት ዓመት ሲሆነው በሰው ዕድሜ ወደ 24 ዓመት ይጠጋል፤ ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ግዙፍ ዝርያዎች ከትንንሾቹ ቀድመው ስለሚያረጁ፣ ጀርመን ሸፐርድ ከ7 ወይም 8 ዓመቱ ጀምሮ፣ ድመት ደግሞ ከ10 ዓመቷ በኋላ በየስድስት ወሩ በእንስሳት ሐኪም ብትታይ ይመረጣል።

«ካልጮኸ አላመመውም።»
ብዙ ሥቃይ ሳይታይ የሚያልፈው በዚህ እምነት የተነሳ ይመስለኛል። በተለይ ድመት ሕመሟን በመደበቅ የተካነች ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ አንድ ጥናት ከ12 ዓመት በላይ የሆናቸው 100 ድመቶች ራጅ ሲታይ፣ በ90 ድመቶች ላይ የመገጣጠሚያ ጉዳት ተገኝቷል። መገጣጠሚያዋን የሚያማት ድመት አትጮኽም፤ ይልቁንም መዝለል ትተዋለች፣ ጀርባዋን መላስ ስለሚከብዳት ጠጉሯ ይያያዛል፣ የምትጸዳዳበት ሣጥን ጠርዙ ከፍ ካለባት ከውጭ ትጸዳዳለች። ይህን እንደ ብልግና ቆጥሮ መቅጣት ሕመሙን ማባባስ ነው። ዝቅ ያለ ሣጥን፣ ወደምትወደው ቦታ የሚያደርስ መወጣጫ፣ የክብደት ቁጥጥርና ሐኪም ያዘዘው ማስታገሻ ኑሮዋን በእጅጉ ይለውጡታል።

«ታዲያ ቤት ያለውን ክኒን ብንሰጠውስ?»
በፍጹም። የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን ለማስወገድ የሚያስፈልገው ኢንዛይም በቂ ስላልሆነ መድኃኒቱ ወደ መርዝ ይለወጣል፣ ደሟም ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፤ አንድ ክኒን ሊገድላት ይችላል። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም የውሻን ጨጓራ ሊያቆስሉ፣ ኩላሊቱንም ሊጎዱ ይችላሉ። በርኅራኄ የተሰጠ ክኒን ሞት እንዳያስከትል፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሰው መድኃኒት አይሰጥ።

«በደንብ እየበላች ስለሆነ ጤነኛ ናት።»
የታይሮይድ ዕጢዋ ከመጠን በላይ የሚሠራ አሮጊት ድመት አብዝታ እየበላች ትከሳለች። ውኃ አብዝቶ መጠጣትም የኩላሊት ሕመም ወይም የስኳር በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። የኩላሊት ሕመም በተለመደው የደም ምርመራ ላይ ጎልቶ የሚታየው አብዛኛው የኩላሊት አቅም ከጠፋ በኋላ ስለሆነ፣ የሽንት ምርመራም አብሮ እንዲደረግ መጠየቅ ተገቢ ነው።

«የወጥ ትራፊ ለጥርሱ ይለሰልስለታል።»
የወጣችን መሠረት ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ቢበስሉም የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ። ማኘክ ከተቸገረ አፉ ይመርመር፤ የአፍ ሽታም ቢሆን የዕድሜ ሳይሆን በአብዛኛው የድድና የጥርስ በሽታ ምልክት ነው።

«ከእንግዲህ ክትባት አያስፈልገውም።»
የእብድ ውሻ በሽታ ዕድሜ አይመርጥም። በአገራችን በሽታውን ወደ ሰው በዋናነት የሚያስተላልፈው ውሻ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። የክትባቱን ጊዜ ሐኪሙ ይወስን እንጂ ባለቤቱ በራሱ አያቋርጥ።

«ሌሊት የሚጮኸው እልኸኛ ሆኖ ነው።»
ያረጀ ውሻ የለመደውን ግቢ ግራ ተጋብቶ የሚዞር፣ ማዕዘን ላይ ቆሞ የሚቀር፣ ሌሊት ያለ ምክንያት የሚጮኽ ከሆነ የአንጎል መድከም ሊሆን ይችላል። በቅድሚያ ሕመም፣ የዓይን መጋረድና የጆሮ መድከም አለመኖራቸው ይጣራ፤ ከዚያም የምግብና የመኝታ ሰዓቱን አለመለዋወጥ፣ ዕቃዎችን ከቦታቸው አለማንሳትና ማታ ደብዘዝ ያለ መብራት መተው ፍርሃቱን ያቀልለታል።