ድራይ ብራሽ ምንድን ነው? ፕላስቲኩ ያረጀ ጣውላ የሚመስለው እንዴት ነው?

የታንክ፣ የሰው፣ የቤት ትንንሽ ሞዴል የሚሰሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት የአቀባብ ዘዴ ነው። ቃሉ ራሱ ይናገራል፣ ደረቅ ብሩሽ ማለት ነው። ብሩሹን ቀለም ትነክሩና ቀለሙን ሶፍት ወይ ካርቶን ላይ ትጠርጉታላችሁ፣ ምንም የቀረ እስከማይመስል ድረስ ትጠርጉታላችሁ፣ ከዛ በሞዴሉ ላይ በስሱ እያመላለሳችሁ ዳበስ ዳበስ ታደርጉታላችሁ። ብሩሹ ላይ የቀረችው ቀለም በጣም ትንሽ ስለሆነች ጎድጓዳ ቦታ ውስጥ አትገባም፣ ከፍ ያለው ላይ ብቻ ነው ምትይዘው። ለዚህ ደሞ ቆንጆ መሞከሪያ አለ፦ ብሩሹን አውራ ጣታችሁ ላይ አሹት። ጣታችሁ በሙሉ ከተቀባ ገና ነው፣ ጥረጉት። የአሻራችሁ መስመሮች ብቻ ቀለም ይዘው በመሃል ያለው ቆዳ ንፁህ ከሆነ ግን ደርሷል። እንደውም ድራይ ብራሽ ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር የለም፣ ጣታችሁ ላይ ያያችሁትን ነው የሞዴሉ ግድግዳ ላይ የምትደግሙት።

ለምን አስፈለገ ታዲያ? ታንክና ወታደር የሚሰሩ ሰዎች ዲዮራማቸውን፣ ሞዴሎቹ የሚቆሙበትን ትንሽ ትዕይንት ማለቴ ነው፣ ብዙ ጊዜ በ1/35 ስኬል፣ ከእውነተኛው 35 ጊዜ አሳንሰው ነው የሚሰሩት፣ ማለትም 1.75 ሜትር የሆነ ሰው 5 ሴንቲ ይሆናል። የእንግሊዝ መደበኛ ጡብ ፊቱ 215 በ65 ሚሊ ሜትር ነው፣ በዚህ ስኬል ርዝመቱ 6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቁመቱ ደሞ 2 እንኳን አይሞላም፣ በጡቦቹ መሃል ያለው የ10 ሚሊ ሜትር ሲሚንቶማ 0.3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው የሚሆነው። ጡቡን አሳነስነው፣ ብርሃኑን ግን ማሳነስ አንችልም፣ የክፍላችን አምፖል እንዲህ ባለ ቀጭን መስመር ውስጥ የሚታይ ጥላ አይጥልም፣ ስለዚህ ትልቁ ግድግዳ ላይ ፀሐይ የምትሰራውን እኛ በቀለም መስራት አለብን ማለት ነው። ጥላውን ዋሽ ይሰራል፣ ዋሽ ማለት በጣም ቀጥኖ ጎድጓዳው ውስጥ የሚፈስ ጠቆር ያለ ቀለም ነው። ብርሃኑን ደሞ ድራይ ብራሽ ይሰራል። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ መስራትን በሰፊው ካስተዋወቁት መሃል ቤልጂጋዊው ፍራንሷ ቨርሊንደን አንዱ ነው።

እንጨት ላይ ድራይ ብራሽ ንጉስ ነው። ብዙ ሰው ግን እንጨት ሲባል ቡኒ ቀለም ነው የሚገዛው፣ ውጪ የከረመ እንጨት ደሞ ቡኒ አይደለም! ፀሐይዋ በእንጨቱ ውስጥ ያለውን ሊግኒን የሚባለውን ነገር ትሰባብረዋለች፣ ዝናቡ አጥቦ ይወስደዋል፣ የሚቀረው ግራጫ ነው። እስቲ ከቤት ውጡና አንድ ያረጀ የእንጨት አጥር ጠጋ ብላችሁ እዩ። ላይኛው ፀሐይ የሚመታው ብር ብር ይላል፣ ታች መሬቱ ጋር የዝናብ ጠብታ የሚረጨው ጠቁሮ አረንጓዴ ነገር ይዟል፣ ከሚስማሩ ስር ዝገት ወደ ታች ፈሷል፣ የተቆረጠው ጫፍ ደሞ ውሃ ስለሚመጥ ከሁሉም ይጠቁራል። ይሄን አይቶ የመጣ ሰው ቀለም መምረጥ አይቸግረውም።

እኔ እንዲህ ነው የምሰራው፦ ፕላስቲኩን በመጋዝ ጥርስ በቁመቱ እየቧጨርኩ ጅማት አወጣለታለሁ፣ ከዛ ታሚያ የሚባለው ኩባንያ የሚሰራውን ኤክስኤፍ-57 ባፍ የሚባል የአሸዋ ቀለም እቀባለሁ፣ ከደረቀ በኋላ በርንት አምበር የሚባለውን ጠቆር ያለ ቡኒ የዘይት ቀለም እንደ ዋሽ አቅጥኜ በጅማቱ አቅጣጫ እጎትተዋለሁ፣ እሱም ሲደርቅ በነጣ ግራጫ ድራይ ብራሽ። እዚህ ጋር አንድ ነገር ያዙልኝ፣ ድራይ ብራሹ ጅማቱን ተከትሎ ሳይሆን ጅማቱን አቋርጦ ነው መሄድ ያለበት፣ ከተከተለ ብሩሹ ስንጥቁ ውስጥ ይገባና ዋሹ የሰራውን ጥላ ያጠፋዋል። እውነተኛ እንጨት ለምን አትጠቀምም ለምትሉኝ፣ ይቻላል፣ ግን የእንጨቱ ጅማት አብሮ አያንስም፣ የ1 ሚሊ ሜትር ጅማት በ1/35 ሲታሰብ 3.5 ሴንቲ ነው፣ እንደዛ አይነት ጣውላ ደሞ አይቼ አላውቅም።

ጡብ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ጡብን ጡብ የሚያስመስለው ጠርዙ ላይ ያለው ብርሃን ሳይሆን የቀለሙ መለያየት ነው። ቀዩ ቀለም የሚመጣው ሸክላው ውስጥ ካለው ብረት ነው፣ እሳቱ ለሁሉም ጡብ እኩል ስለማይደርስ አንዱ ብርቱካንማ ይሆናል አንዱ ወደ ጥቁር ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ቀይ ሸክላ ቀለም ሙሉውን ቀብታችሁ ከዛ በቀጭን ብሩሽ እዚህም እዚያም ጡብ እየመረጣችሁ በሶስት በአራት አይነት ቀለም ለዩዋቸው፣ ሰልፍ እንዳይሰሩ ብቻ። አድካሚ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ግድግዳው ነፍስ የሚዘራው እዚህ ላይ ነው። ለሲሚንቶው ስቱኮ በውሃ አቅጥኖ መቀባትና ጡቡ ላይ የቀረውን በእርጥብ ጣት መጥረግ ነው። ድራይ ብራሹ መጨረሻ ላይ በጣም በትንሹ ይመጣል፣ የተሰበረ ጠርዝ ላይ፣ የመስኮት ደፍ ላይ፣ በቃ። የመጀመሪያ ግድግዳዬን ቸኩዬ ገና እርጥብ በሆነ ብሩሽ ሙሉውን ሄድኩበትና ዱቄት የተነፋበት መሰለ፣ ሁለት ማታ ሙሉ የለየኋቸው ጡቦች በአንድ ደቂቃ አንድ አይነት ሆኑ፣ ከስር ጀምሬ ነው እንደገና የቀባሁት።

ስለ ቀለሙ፣ አክሪሊክ፣ ማለትም በውሃ የሚቀጥነው፣ ቶሎ ስለሚደርቅ አንዳንዴ እንደ ጠመኔ ይሆናል፣ በቲነር የሚቀጥኑት የዘይት ቀለምና ኢናሜል ቀስ ብለው ስለሚደርቁ ይለሰልሳሉ። የዘይት ቀለም ከሆነ መጀመሪያ ካርቶን ላይ አስቀምጡት፣ ካርቶኑ ትርፍ ዘይቱን ይመጥለታል። ግድግዳችሁ ከፎም የተሰራ ከሆነ ደሞ ቲነር ያለበት ነገር ከማስነካታችሁ በፊት በአክሪሊክ በደንብ ሸፍኑት፣ አለበለዚያ ፎሙ ይቀልጣል። ብሩሽ ደሞ ውዱን አታውጡ፣ ይሄ ስራ ፀጉሩን ይጨርሰዋል። ለስላሳ የሜካፕ ብሩሽ፣ ያ ለጉንጭ የሚሆነው ክብ ነገር፣ እኔ ከሞከርኩት ሁሉ እሱ ይሻላል።