ከራዲዮአክቲቭ ብናኝ መጠለል

የኑክሌር ቦምብ መሬት ላይ ሲፈነዳ አፈሩንና ፍርስራሹን ወደ ሰማይ ይመጥጠዋል። አፈሩ ጨረር አመንጪ ሆኖ ተመልሶ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካ ቢኪኒ በተባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴት ላይ ባደረገችው የቦምብ ሙከራ፣ 23 ጃፓናውያን ዓሣ አጥማጆች ላይ ነጭ አመድ ዘነበባቸው። ሁሉም ታመሙ፤ አንዱ በዚያው ዓመት ሞተ።

ብዙ ሰው አየሩን ይፈራል። ዋናው ጠላት ግን ጣሪያና መሬት ላይ ካረፈው ብናኝ የሚወጣው ጋማ ጨረር ነው። ግድግዳን ሰንጥቆ ያልፋል፤ የሚያዳክመው ክብደት ነው። 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ኮንክሪት ወይም 9 ሴንቲ ሜትር የተጠቀጠቀ አፈር ግማሹን ያስቀረዋል። የአፈሩ ውፍረት 90 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ግማሹ አሥር ጊዜ ይገመሳል፤ የሚያልፈው ከሺህ አንድ እጅ ብቻ ይሆናል። የእንጨት ቤትና መኪና እዚህ ላይ ብዙም አያዋጡም።

ምድር ቤት ካለ እሱ ይመረጣል። ከሌለ የትልቅ ሕንፃ መካከለኛ ፎቅ፣ ከመስኮት ርቆ መሃል ላይ። የላይኛው ፎቅ ለጣሪያው፣ የታችኛው ደግሞ ለደጁ ብናኝ ቅርብ ነው።

የተዘጋጀ መጠለያ ከሌለስ? ምድር ቤት ጥግ ላይ ጠንካራ ጠረጴዛ ይቆማል። አናቱና ዙሪያው ላይ መጻሕፍት፣ አፈር የተሞላ ካርቶን፣ ውሃ የያዘ ጄሪካን ይደረደራል። እግሮቹ ካልተደገፉ ግን ሸክሙ ሰው ላይ ይወርዳል። ውጭ ከሆነ ጠባብ ቦይ ተቆፍሮ፣ በር ተነቅሎ ይጋደምበትና አፈር ይከመርበታል። ጨረር ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ መግቢያው ቢታጠፍ ይሻላል። ቀዳዳውን ሁሉ መድፈን ግን ስህተት ነው፤ በተጨናነቀ መጠለያ ሙቀትና መታፈን ቶሎ ይገድላሉ።

ስዊዘርላንድ ይህን ሁሉ ቀድማ ጨርሳዋለች። እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣችው ሕግ መሠረት ለሕዝቧ በሙሉ የሚበቃ መጠለያ ገንብታለች። በሰላሙ ጊዜ ብዙዎቹ የዕቃ ማከማቻ ናቸው።

ደስ የሚለው፣ ጨረሩ ቶሎ ይደክማል። ከፍንዳታው በኋላ ያለፈው ሰዓት በሰባት ሲባዛ ጨረሩ በአሥር ይካፈላል፦ በአንደኛው ሰዓት ከነበረው በ7 ሰዓት አንድ አሥረኛ፣ በሁለት ቀን አንድ መቶኛ፣ በሁለት ሳምንት አንድ ሺህኛ ገደማ ይቀራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ከሁሉም ይከፋል።

ብናኝ ያገኘው ሰው የላይ ልብሱን በር ላይ ያወልቅ፤ አብዛኛው ቆሻሻ አብሮ ይወልቃል። ከዚያ በሳሙና መታጠብ ነው። ፀጉር ላይ ኮንዲሽነር አይደረግም፤ ብናኙን ያጣብቀዋል።