የምርጫ ክልል ወሰን እንዴት ይከለላል? ከሰሜን ሸዋ ሲታይ

«የምርጫ ክልል» ሲባል ከ«ክልል» ጋር የሚያምታታው ሰው ብዙ ነው። አማራ ክልል ሌላ፣ የምርጫ ክልል ሌላ። የምርጫ ክልል ማለት አንድ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል የሚመረጥበት አካባቢ ነው። በአገሪቱ 547 አሉ። ከነዚህ 138ቱ በአማራ ክልል ሲሆኑ የሰሜን ሸዋዎቹም እዚያው ውስጥ ናቸው። (የማወራው ስለ ደብረ ብርሃኑ ሰሜን ሸዋ ነው። የፍቼው በኦሮሚያ ሥር ነው፤ ስማቸው አንድ በመሆኑ ቁጥር በወጣ ቁጥር ያደናግራል።)

ሕጉ አጭር ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት የምክር ቤቱ አባላት ከ550 አይበልጡም፤ ቢያንስ 20 መቀመጫ ደግሞ የተለየ ውክልና ለሚያስፈልጋቸው አናሳ ብሔረሰቦች ይያዛል። አንቀጽ 103 በየአሥር ዓመቱ ሕዝብ ይቆጠር ይላል። በቆጠራው ላይ ተመሥርቶ ምርጫ ቦርድ የወሰን ረቂቅ ያቀርባል፣ የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው።

ከባዱ ነገር ማመጣጠኑ ነው። መነሻው ወረዳ ነው፣ ወረዳዎች ግን እኩል አይደሉም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ምንጃር ሸንኮራ ወደ 129 ሺህ ሕዝብ ነበረው፤ አንኮበር 76 ሺህ ገደማ። ለሁለቱም አንድ አንድ ወንበር ቢሰጥ የአንድ አንኮበሬ ድምፅ የምንጃሩን 1.7 ያህል ይመዝናል ማለት ነው። የአውሮፓ ምክር ቤት የሕግ አማካሪ አካል የሆነው የቬኒስ ኮሚሽን ልዩነቱ ከ10 በመቶ እንዳያልፍ፣ በተለየ ምክንያት ካልሆነም ከ15 እንዳይበልጥ ይመክራል። ሰሜን ሸዋ ላይ ይህን ለመሞከር ቀበሌ ከአንዱ ወደ ሌላው ማሸጋገር የግድ ነው።

እዚህ ጋ መሬቱ ራሱ ይከራከራል። ከእነዋሪ ከተማ በኩል ገደሉ ጫፍ ላይ ለቆመ ሰው መርሐቤቴ እጁን ቢዘረጋ የሚነካት ትመስላለች። መሀል ላይ ግን የጀማ ሸለቆ አለ። ካርታ ላይ ጎን ለጎን ናቸውና ይጣመሩ ቢባል፣ ተመራጩ ሕዝቡን ለማነጋገር ቆላ ወርዶ ደጋ መውጣት ሊኖርበት ነው። ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ያለውም እንዲሁ ነው፤ በአንድ ቁልቁለት አየሩም፣ እርሻውም፣ የገበሬው ጥያቄም ይለወጣል። ስለዚህ ወሰኑን በደንብ የሚከልል ሰው ቁጥሩን ብቻ አይቶ አያበቃም። መንገዱ የት ይወስዳል? ሰዉስ የት ገበያ ይውላል? ይህንንም ይጠይቃል።

ወሰን ተንኮልም ይቀበላል። በ1812 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ገዥው ኤልብሪጅ ጌሪ የፈረሙት ካርታ አንዱን የምርጫ ክልል ሳላማንደር የሚባለውን እንሽላሊት መሳይ እንስሳ አስመሰለው፤ ድርጊቱም በሁለቱ ስም ቅልቅል «ጄሪማንደሪንግ» ተባለ። ዘዴው ቀላል ነው። ደብረ ብርሃንን እንደ ዳቦ አራት ቦታ ቆርሰን፣ እያንዳንዷን ቁራሽ ከሰፊ ገጠር ጋር ብናገናኝ፣ የከተማው ሰው በአራቱም አናሳ ሆኖ አንድም ወንበር ሳያገኝ ሊቀር ይችላል። በእኛ አገር ያሸነፈ ሁሉን የሚወስድበት የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ስላለ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ለዚህ ነው ረቂቁ ለሕዝብና ለፓርቲዎች ቀርቦ ቅሬታ ሳይሰማ መጽደቅ የሌለበት።

ሸዋ ውስጥ ወሰን ገፊ የሚጠላ ሰው ነው። ሌሊት ተነስቶ የድንበር ድንጋይ ያንቀሳቅሳል። የምርጫ ክልል ግን ድንጋዩን ማንም ሳይነካው ይዛባል፤ ሰው ሲሰደድ፣ ከተማ ሲያብጥ። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ስሌት ለአንድ ወንበር በአማካይ 98 ሺህ ያህል ሕዝብ ይደርስ ነበር። በ1999 ወደ 135 ሺህ ከፍ አለ። አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተላለፈ፤ በ2011 ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተቀምጠው አራዘሙት። በዚያው ዓመት ደብረ ብርሃን ላይ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። ዩኒቨርሲቲው ተማሪ አመጣ፣ ፋብሪካው ሠራተኛ፣ ግጭቱ ተፈናቃይ። የቤት ኪራይ የጠየቀ ያውቀዋል። በቆጠራ መዝገብ ላይ ግን ከተማዋ ዛሬም 65,231 ነዋሪ ነው ያላት።