«እጅህ ፈጣን አይደለም» ማለት ይብቃ

ኤልደን ሪንግ የተባለውን የሰይፍ ውጊያ ቪዲዮ ጌም የሚጫወት ሰው በገጠመኝ ቁጥር የምሰማው አንድ ቅሬታ አለ። «ጠላትን ልመታው ስል ዶጅ አድርጎ፣ ማለትም ከምቴ ዘሎ ሸሽቶ፣ ያመልጠኛል። እጄ ፈጣን አይደለም መሰለኝ።» አጠገቡ ያለው ጓደኛውም ራሱን እየነቀነቀ ይስማማል። ይህን ስሰማ ዝም ማለት ያቅተኛል። በዚህች አባባል ተስፋ ቆርጠው ጌሙን የተዉ ልጆች አውቃለሁ። ኤልደን ሪንግን የሠራውን የፍሮምሶፍትዌርን ጌሞች፣ ዳርክ ሶልስ የተባለው ጌማቸው በ2011 እ.ኤ.አ. ከወጣ ጊዜ ጀምሮ እየተጫወትኩ ነው፤ ለጓደኞቼም ለታናሽ ወንድሜም አስተምሬያለሁ። ከነዚህ ሁሉ አንዱም ችግሩ የእጅ ፍጥነት ሆኖ አላገኘሁትም።

መጀመሪያ ከሚሰሙት ሌሎች አባባሎች ቀላል ቀላሎቹን እንጨርስ።

«ሌቭል ስትጨምር ይስተካከላል።» ያልነካ ሰይፍ ጉዳቱ ዜሮ ነው። ሌቭል 30 ላይም ዜሮ፣ ሌቭል 130 ላይም ዜሮ።

«ለሚሸሽ ጠላት ቀላል መሳሪያ ብቻ ነው የሚሆነው።» አይደለም። ትልቁ ሰይፍ ቀደም ብሎ መነሳት አለበት፣ ልዩነቱ ይኸው ነው። በጎን ለሚያመልጥ ጠላት እንዲያውም ሰፊ የሚጠርግ ምት ከጩቤ ይሻላል። ወደ ኋላ ለሚዘልለው ደግሞ ጦር ወይም የሚወጋ ሰይፍ ያዙ።

«ሎክ ኦን (ካሜራውን አንድ ጠላት ላይ የሚያስረው) ምንጊዜም አይለቀቅም።» አንድ ሰው መሳይ ጠላት ፊት ሲሆን ጥሩ ነው። ሁለት ሦስት ሆነው ሲመጡ ግን ካሜራው አንዱ ላይ ተተክሎ ሌላው ከጀርባ ይወጋችኋል።

«ጌሙ ያጭበረብራል፣ ቁልፌን እያየ ነው የሚሸሸው።» ይህ ግማሽ እውነት አለው። ጎድስኪን አፖስል የተባለው የኤልደን ሪንግ ጠላት ፊት ራቅ ብላችሁ የፈውስ ጠርሙሱን ስታነሱ ጥቁር እሳት ይወረውርባችኋል። ሌሎችም ብዙዎች ለእናንተ እንቅስቃሴ መልስ ይሰጣሉ። ሰው ግን ይህን ሰምቶ ይናደዳል እንጂ ወዲያው የሚከተለውን ነገር አያስብም። የሚሸሸው እናንተ ስትነሱ ከሆነ፣ መቼ እንደሚሸሽ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ ማለት ነው። ሰይፋችሁ የማይደርስበት ቦታ ቆማችሁ አንዴ አየር ምቱ። ይዘላል። ያን ጊዜ እውነተኛውን ምት አስነሱ። ወይም ከባዱን ምት ተጭናችሁ ያዙት፤ ዝላዩን ሲጨርስ ልቀቁት።

አሁን ወደ ፍጥነቱ ልምጣ።

ሰው አንድ ነገር አይቶ ጣቱን እስኪያንቀሳቅስ ሩብ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። በጣም የሠለጠነ ተጫዋችም ከዚህ ያን ያህል አይርቅም። ኤልደን ሪንግ በሰከንድ የሚያሳየው ቢበዛ 60 ፍሬም (ምስል) ነው። ሩብ ሰከንድ ማለት 15 ፍሬም ነው። ጠላት ዘሎ ሲያርፍ አይታችሁ ከተጫናችሁ፣ 15ቱ ዓይናችሁና ጣታችሁ እስኪግባቡ አለቁ። ከዚያ ሰይፉ ራሱ ተነስቶ እስኪወርድ ደግሞ ሌላ ጊዜ ይጨመራል። እስከዚያ እሱ ተነስቶ ለመልስ ምት ተዘጋጅቷል። ይህን ጉድለት የሚሞላ የእጅ ፍጥነት የለም። የሚሞላው ቀድሞ መነሳት ብቻ ነው።

እያንዳንዱ ዶጅ መነሻ፣ መሀልና ማረፊያ አለው። መነሻውና መሀሉ ላይ ወይ ሰይፋችሁ አይደርስበትም፣ ወይ ቢደርስም አይጎዳውም። ማረፊያው ላይ ግን እግሩ መሬት ነክቶ ሰውነቱ ገና አልተስተካከለም። የመምቻ ጊዜው እሱ ነው። ስለዚህ ቁልፉ የሚጫነው ጠላት ገና አየር ላይ እያለ፣ ሰይፉ የሚላከውም አሁን ወዳለበት ሳይሆን ወደሚያርፍበት ነው።

ወንድሜ ሊምግሬቭ በተባለው የኤልደን ሪንግ አካባቢ ብለድሃውንድ ናይት ዳሪዊል የተባለ ጠላት ላይ ተጣብቆ ቀረ። ክብ የድንጋይ እስር ቤት ውስጥ የሚገኘው ፈጣኑ ባላባት ነው። ወንድሜ ይመታል፣ ዳሪዊል ይዘላል፣ ወንድሜ ተከትሎት ይሮጣል፣ ይሞታል። አጠገቡ ተቀመጥኩና «ቀጣዮቹን ሁለት ዙሮች አትምታ፣ ቁጠር ብቻ» አልኩት። ሲነሳ «አንድ»፣ ሲያርፍ «ሁለት»። ተነጫነጨ፣ ግን ቆጠረ። በሦስተኛው ዙር «አሁን ‹ሁለት› ልትል አፍህን ስትከፍት ተጫን» አልኩት። የመጀመሪያው ምት ገባ። ቀጥሎ ሌላ። እጁ ያው እጅ ነው፣ ጆይስቲኩም ያው። የተለወጠው የሚጫንበት ጊዜ ነው።

ሌላም ቀዳዳ አለ፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል። እየመታ ያለ ጠላት ዶጅ ማድረግ አይችልም። የጀመረውን እንቅስቃሴ መጨረስ አለበት። ስለዚህ እንደ ቅማል ፈልጋችሁ ከምታሳድዱት እሱ እስኪመጣላችሁ ጠብቁ፤ የመጨረሻ ምቱን ካለፋችሁ በኋላ አንዴ ወይም ሁለቴ መትታችሁ ውጡ። ጋሻ የፈሪ ነው የሚሉትን አትስሟቸው። ኤልደን ሪንግ ውስጥ ምቱን በጋሻ ተቀብላችሁ ወዲያው ከባዱን ምት ከተጫናችሁ፣ ጠንካራ የመልስ ምት ይወጣል፤ ለሚሸሽ ጠላት ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። ማሌኒያ የተባለችው የኤልደን ሪንግ ጠላት ላይ ማሳደድ ጭራሽ ጥፋት ነው። ሰይፏ በነካችሁ ቁጥር ጤናዋ ይመለሳል፣ ጋሻችሁን ብትነካ እንኳ።

«ደጋግመህ ተጫን፣ አንዱ ይገባል» የሚለው ምክር ከሁሉም የከፋው ነው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። እየመታችሁ ሳለ የተጫናችሁትን ቁልፍ ጌሙ ይዞ ያቆየውና ቀጥሎ ያወጣዋል። ሦስተኛውን ምት ሳትፈልጉት ትመታላችሁ፣ ጠላት በዚያች ቅጽበት ይገባል፣ እናንተ መሸሽ አትችሉም። ሴኪሮ የተባለው ሌላው የፍሮምሶፍትዌር ጌም በዚህ ይብሳል። መከላከያውን ደጋግማችሁ ከነካካችሁ ትክክለኛው ጊዜ ራሱ እየጠበበ ይሄዳል። እዚያ ከዓይን ይልቅ ጆሮ ይረዳል፤ ጠላት ምታችሁን በደንብ ሲመልሰው የብረቱ ድምፅ ይለያል፣ ብልጭታውም ይጎላል። ተራው የእሱ ነው፣ ጣታችሁን ወደ መከላከያው መልሱ።

«ቁልፉ ይዘገያል» ለሚሉም አንድ ነገር ልጨምር። ዳርክ ሶልስም ኤልደን ሪንግም ላይ መንከባለል (የእናንተ ዶጅ) የሚወጣው ቁልፉን ስትጫኑ አይደለም፣ ስትለቁት ነው። ተጭኖ መያዝ የሩጫ ስለሆነ ጌሙ እስክትለቁ ይጠብቃል። ስትደነግጡ አጥብቃችሁ ትይዙታላችሁ፣ ዘግይታችሁም ትንከባለላላችሁ። የወንድሜን አውራ ጣት ሳይ ጥፍሩ ነጭ እስኪሆን ነበር የሚጫነው። ነካ አድርጎ መልቀቅ ከለመደ ወዲህ ስለ መዘግየት አንስቶ አያውቅም።

የትጥቁንም ክብደት ተመልከቱ። ኤልደን ሪንግ ላይ ሸክማችሁ ከመሸከም አቅማችሁ 70 በመቶ ካለፈ መንከባለሉ ይከብዳል፣ ለመነሳትም ትዘገያላችሁ። ከ30 በመቶ በታች ከሆነ ርቃችሁ ትሄዳላችሁ። ብዙ ሰው የሚመቸው ከ70 ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ቁልፉ የዘገየ ከመሰላችሁ ቴሌቪዥኑን እዩት። ቴሌቪዥኑ ምስል ለማሳመር የሚሠራው ሥራ እናንተ የምታዩትን ያዘገየዋል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ጌም ሞድ የሚለውን አብሩና እንደገና ሂዱበት። መጀመሪያ ሁለት ዙር ቁጠሩ፣ አትምቱ።